የላም እበት ያቃታቸው ጥንዚዛዎች

ሞላሌ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፀደንያ፣ ካለሽበት አውስትራሊያ ይድረስሽ።

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከመናደዴ በቀር። ላሚቱ ወልዳለች፣ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል። «ትምህርቴን ልተወው ነው» ያልሽበት መልእክት ስለደረሰኝ ወደ እሱ ልግባ።

ሜዳ ላይ ተንበርክከሽ፣ እጅሽን እበት ውስጥ ከተሽ የተነሳሽውን ፎቶ ወንድሜ ጌጡ ከስልኬ ወስዶት ኖሯል። እሑድ ሰንበቴ ላይ ለሁሉም እያዞረ አሳየ። «በግ አርደን፣ መርቀን የሸኘናት ልጅ ባሕር ተሻግራ እበት ስትዝቅ ተገኘች» አለ። ሰዉ ሳቀ።

«ዛሬ ቁርስህ በምን በሰለ፣ በመብራት ነው?» አልኩት። ሚስቱ ጠጄ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንፈቀፈቀች።

ከዚያ ቆሜ ስለምታጠኛቸው ጥንዚዛዎች በስልክ ያስረዳሽኝን ነገርኳቸው። ያ አገር ከሌላው መሬት ተገንጥሎ፣ በባሕር ተከቦ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ለብቻው ኖረ። ነፍሳቱም ለብቻቸው እየተለወጡ ሌላ የትም የማይገኙ ዓይነቶች ሆኑ። እበት እየበሉ መሬት ውስጥ የሚቀብሩት ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሩ በጠጥ ነው፤ እንደ በግ በጠጥ ትንሽና ደረቅ። ነጮቹ ከብት ይዘው ሲገቡ እርጥቡ የላም እበት አብዛኞቹን አቃታቸው። ሜዳው በእበት ተሸፈነ፣ ዝንቡ ሰው አላስቆም አለ። በመጨረሻ ከአፍሪካ ጥንዚዛ አስመጡ።

«ከኛው አፍሪካ?» አሉ አባ አትናቴዎስ።

«ከብት ከሚያውቅበት አገር፣ አባቴ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ጌጡ ግን አልተወም። ደውሎልሽ «ስማችንን አጠፋሽው፣ ወይ ነርስነት ተማሪ ወይ አገርሽ ግቢ» እንዳለሽ ትናንት ራሱ ነገረኝ። አንቺም ይኸን ሰምተሽ ልትተዪው? የደብተርሽንና የዩኒፎርምሽን ዋጋ ያወጣው ኩበት ነው፤ በዚህ እጄ ጠፍጥፌ፣ በአህያ ጭኜ ገበያ የሸጥኩት። አንድ ቀን አላፈርኩበትም። በእበት ካፈርሽ በኔ ማፈርሽ ነው፤ ያንን ደግሞ አልችለውም።

«ተመለሺ ብለሽ ጻፊላት» ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩ፤ እንዳትመለሺ። እበቱን ዛቂ፣ ጥንዚዛሽን ቁጠሪ፣ ዶክተር ተብለሽ ተጠሪ። ያን ቀን ጌጡ አጎቷ ነኝ ብሎ ከፊት ይቀመጣል። እኔም ዝም ብዬ አስቀምጠዋለሁ፤ ያው ወንድሜ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። እነዚያ ከአፍሪካ የተወሰዱት ጥንዚዛዎች አገሩን ከለመዱ በኋላ ተመልሶ የመጣ አለ? መልሱን ትምህርትሽን ሳትጨርሺ እንዳትነግሪኝ።

ኪዳነ ምሕረት በሄድሽበት ትከተልሽ፣ እጅሽን ትባርክልሽ።

የማላፍርብሽ እናትሽ
ጥሩሸዋ