ፀሐዩ ፀ

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፣ ጠ. 12፡40
ታምሩ አርፍዷል። እንደገና። አሥራ አንድ ተኩል ብዬው ነበር። ከሰፈሩ ከስቶን ማውንቴን እስከዚህ ምን ያህል ነው? አውሮፕላን የሚጠብቀው ይመስለዋል። አንተው ፍረድ፣ ማስታወሻዬ።
ባለቤቴ ፀሐይ እነዚያን የካሊፎርኒያ ግዙፍ ዛፎች ለማየት ስትመኝ ኖረች። ፎቶአቸው ፍሪጁ ላይ አሁንም አለ። በየዓመቱ «ለሚቀጥለው» አልኳት። በኅዳር ቀበርኳት። አሁን ከወንድሟ ከታምሩ ጋር ልሄድላት ነው። እሱም ሰዓቱን አያውቅ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13፣ ከሰ. 10፡00
ደረስን። ሴኮያ፣ ዛፎቹ ያሉበት ፓርክ። ምን ልበልህ? ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፤ አልጠቀመኝም። ቅርፊቱ ቀይ ነው፤ በእጄ ስጫነው ሰርጎድ ይላል። ሽቅብ ሳይ አንገቴን አመመኝ። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆሟል ይላሉ። ዝም ማለት ነበር የፈለግኩት። ታምሩ ግን ቪዲዮ! «እዩት እስቲ፣ ኮንዶሚኒየም ያክላል! ሊፍት ብቻ ነው የጎደለው!» ከዚያ ከዛፉ ጀርባ ጠፋ። ሩብ ሰዓት። ሊሸና መስሎኝ አፈርኩ፤ ፊቴን አዞርኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14፣ ጠ. 3፡20
እሱ ሞቴል ተኝቷል። ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ከዛፉ ጀርባ፣ በደረቴ ቁመት፣ በቁልፍ የተቦረቦረ፦ ጸሃይ።
ደሜ ፈላ። ይህን የሚያክል ዕድሜ ያለው ፍጥረት ይቧጠጣል? ደግሞ በጸሎቱ ጸ! በሃሌታው ሃ! ፊደሉ ራሱ «ፀሐዩ ፀ» እየተባለ፣ በእሷ ስም እየተጠራ! የሠርጋችን መጥሪያ በዚሁ ስሕተት ታትሞ ሲመጣ ካርቶኑን በሙሉ መልሳለች። ይቺ እኔ አይደለሁም ብላ።
ቀጥሎ ያደረግኩትን አልደብቅህም። ቁልፌን አወጣሁ። ፊደሉን ላርም። አንድ ጭረት እንደጫርኩ «ሰር!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ። የፓርኩ ጠባቂ፣ ወጣት ሴት። ምን ይላል አለችኝ። የሚስቴ ስም ነው አልኳት። ጽሑፉን ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ የክስ ወረቀት ጻፈችብኝ። ልክ ናት። እኔም ብሆን እጽፍ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18፣ ከሥራ መልስ
ታምሩን በምሳ ሰዓት ቻምብሊ፣ ምግብ ቤት አገኘሁት። ወረቀቱን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩ።
«ጋሼ፣ እህቴ ናት እኮ!»
«እንግዲያው እህትህን በስሟ ጥራት!»
«ቆይ፣ አንተን ያናደደህ ዛፉ ነው ፊደሉ?»
ጥያቄው ልክ ነበር። ይበልጥ ተናደድኩ።
ከዚያ ስሙን እንዳልጽፍ ለመነኝ። የዜግነት ኢንተርቪው በሚቀጥለው ወር አለው፤ ስሙ ክስ ውስጥ ከገባ የስንት ዓመት ጥበቃው ገደል ሊገባ ነው። እምቢ አልኩት። ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ እየፈተሽኩ አልፏል፣ አላለፈም ብዬ ስፈርም አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። አንድ የሐሰት ፊርማ የለብኝም።
«ይሁን፣ ጻፈኝ» አለ። «ግን አንተስ፣ በሕይወት እያለች ለምን አልወሰድካትም?»
ምግቤን ትቼ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 20፣ ጠ. 1፡15
ወረቀቱ ማብራሪያ ይጠይቃል። ሌላ የተሳተፈ ሰው አለ? ይላል።
የለም ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱም ፊደል የእኔ ነው። ፈረምኩ። ፖስታው ታሽጓል።
ለእሱ ብዬ አይደለም። አሁንም እንደተናደድኩ ነው። ወንድሟን አሳልፌ ብሰጥ ፀሐይ አታናግረኝም ነበር፤ በቃ።
ለታምሩ አልነገርኩትም። ነገ ስቶን ማውንቴን እሄዳለሁ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ። ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አድርጌ ስሟን መቶ ጊዜ አስጽፈዋለሁ። አንዷን ቢሳሳት፣ ከመጀመሪያው።