ስለ ቀለሟ ፀጉርና ስለ ቅቤው

ለውድ እህቴ ለድንቅነሽ ሞረዳ፣ ላይፕዚግ፤

እንደምን ከርመሻል፣ እህት ዓለም? አከም ጅርታ? ጤናሽስ? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ሳልስ ተወሽ? ባለቤትሽ ገቢሳ ደህና ነው? ልጆቹስ አድገው አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ረሱት ወይስ ትንሽ ቀራቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቷል። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም ብዬ እንዳልጽፍ ውሸት አልወድም፤ ስኳር ከጠፋ ወር አልፎታል። ቤታችን ግን በደስታ ተሞልቷል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንሽ። አምና በሰኔ የጻፍኩልሽን ደብዳቤ አቃጥይው። «የላክሽው መድኃኒት ውሃ ነው፤ ሃያ ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ቆመሽ ውሃና መድኃኒት መለየት ካቃተሽ ወደ አገርሽ ተመለሺና ጠላ ጥመቂ» ብዬ የጻፍኩትን። የጻፍኩት ቃል ሁሉ ወደኔ ተመልሷል። እንዴት እንደተመለሰ ከሥሩ ልንገርሽ፤ አንቺ የምታውቂው ግማሹን ብቻ ነውና።

ልጄ ቀለሟ ለሲሬው ጃራ ከታጨች ሦስት ዓመቷ ነው። ሰርጉን ሁለት ጊዜ አራዘመችው። አንዴ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ አልሰጠኝም አለች፣ አንዴ አመመኝ አለች። እውነቱን የምታውቀው እናቷ ተናኜ ብቻ ነበረች። የልጅቱ ፀጉር አናቷ ላይ ሳስቶ ቆዳዋ ይታይ ጀምሯል። የጃራ እናት ወለቴ ደግሞ የአባቶቿን ወግ አትለቅም፤ በቅልቅሉ ዕለት የሁለት ቤት ዘመድ ፊት የሙሽራዋን ሻሽ ፈትታ ራሷን ቅቤ ትቀባለች። ቀለሟ ያንን ቀን ነበር የምትሸሸው። የጃራ አጎቶች «ከከርሞ ግንቦት ወዲያ አንጠብቅም፣ ሌላ ይፈለግለት» ማለታቸውን ስሰማ ጮኼ ጠየቅሁ፤ ያን ጊዜ ነው ተናኜ የነገረችኝ። ቀና ብዬ በመስተዋት የራሴን ራስ አየሁ። የአባታችንም ራስ እንዲሁ ነበር። ከኛ ቤት ሌላ ነገር ብትወርስ ምናለበት አልኩ። በዚያው ሳምንት ላንቺ ጻፍኩ።

አንቺም በመልስሽ በደንብ አስረዳሽኝ። የወንድ የሚባለው ሆርሞን በሴትም ገላ በጥቂቱ እንዳለ፣ በአንዳንድ ሰው የፀጉር ሥር እየገባ ፀጉሩን ዓመት በዓመት እንደሚያቀጥነው፣ የምትልኪው መድኃኒት ግን ቆዳ ላይ ሲቀባ ከሥሩ ደጃፍ እንደ ዘበኛ ቆሞ ያንን ሆርሞን እንደሚመልሰው። የረገፈውን ሁሉ እንደ በቆሎ አያበቅልም፣ ያለውን ግን ይይዛል፤ ጥቂትም ሊመልስ ይችላል ብለሻል። እንዲህ ተለክቶ የተነገረ ነገር ደስ ይለኛል።

ጥቅሉ የደረሰ ቀን ፖስታ ቤት ሽብሩ የሚባለው ሠራተኛ በሰው ሁሉ ፊት ከፈተው። አራቱን ጠርሙስ ደርድሮ፣ «ጓድ ተረፋ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ግማሽ ነቀምት ነው፤ ባለሱቁ ረዲም ከነመነጽሩ አለ። «የመላጣ መድኃኒት ነው። የራሴ ነው» አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆንኩትን ላንቺ አልጻፍኩልሽም። ላምባ ልገዛ ስሄድ ረዲ መነጽሩን ጠርጎ ራሴን ይመረምርና፣ «መምህር፣ ዛሬስ ቡቃያ አለ?» ይለኛል። በቀበሌ ስብሰባ ስለ ችግኝ ተከላ ሲነገር አንዱ እጁን አውጥቶ ተራራውን ከማልበሳችን በፊት የጓድ ተረፋን አናት ለሙከራ እንያዘው ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ ሊቀመንበሩ ሳይቀር ሳቀ። ስድብ ውጬ የማድር ሰው አለመሆኔን ታውቂያለሽ። ይህንን ግን ዋጥኩት። አንድ ቃል ብናገር ጠርሙሱ የማን እንደሆነ ይጠየቃል።

ንዴቴን የተወጣሁት ቤት ውስጥ ነው። መመሪያሽን በቁጥር ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። መጠኑን በሲሪንጅ እየለካሁ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ተናኜ ጓዳ ወስዳ ትቀባታለች። ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር በየጠዋቱ ቆጥሬ ደብተር ላይ እመዘግባለሁ። አራት ወር ሙሉ ቁጥሩ አልቀነሰም። ያን ጊዜ ነው ያንን ደብዳቤ የጻፍኩልሽ።

አንቺ ደግሞ አንዲት የቁጣ ቃል ሳትመልሺ ብዙ ጠርሙስ ጨምረሽ ላክሽ፤ ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጋር። «ወንድሜ፣ እኔን ከመስደብህ በፊት የልጅህን ራስ አሽትት። የተናኜን እጅ አውቀዋለሁ» ይላል። ቀለሟን ጠርቼ ሻሿን አስፈታሁና አጎንብሼ አሸተትኩ። ቅቤ። ያውም ለጋ ቅቤ።

ተናኜን ጠየቅኋት። መድኃኒቱ እንደ ስፒሪት ስለሚሸት ልጄን ያቃጥላታል ብላ ሰግታ፣ በየማታው መጀመሪያ አናቷን በቅቤ ታርሳለች፤ መድኃኒቱን ከላይ ታፈሳለች። አራት ወር ሙሉ ያንቺ መድኃኒት ቅቤ ላይ ሲንሸራተት ነበር እንጂ ቆዳዋን አላገኘውም። ቀለሟ ነገሩ ልክ እንዳልሆነ ጠርጥራለች። ግድግዳው ላይ በሁለተኛው ቁጥር «ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ» የሚለውን ታነባለቻ። እንግዲያ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«አባባ፣» አለችኝ፣ «ላንተ ከመናገር መላጣ መሆን ይቀላል።»

ድንቅነሽ፣ ልቆጣ ተነሥቼ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ፣ ቅባትና ስፒሪት ምን እንደሚያደርጉ ለስንት ሺህ ተማሪ ነግሬ፣ በገዛ ቤቴ ሰው እውነቱን ሊነግረኝ የሚደፍር አላፈራሁም። መመሪያውን ከግድግዳው ቀደድኩት። ደብተሩንም ተውኩት። ሲሪንጁን ለቀለሟ ሰጥቼ፣ «ራስሽ ነው፣ አንቺ ያዢው» አልኳት። ተናኜን ምንም አላልኳትም፤ እስከ ሰርጉ ድረስ ቅቤ ከወጥ ውጭ እንዳላይ ብቻ አስጠነቀቅሁ። ይህችን ያህልማ ትፈቀድልኝ።

በነሐሴ እንደ አዲስ ጀመረች። በኅዳር ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ቀነሰ። በየካቲት አንድ እሑድ ጠዋት ራሷ መጥታ በረንዳው ላይ አጎነበሰችልኝ፤ በብርሃን አየሁት፤ አናቷ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር የለሰለሰ ቡቃያ ወጥቷል። መሐሉ አሁንም ሳሳ ያለ ነው። አንቺም ከዚህ በላይ ቃል አልገባሽልንም።

ነገር ግን ከሰርጉ ወር ቀደም ብላ እንድታቆም፣ ብትፀንስና ፅንሱ ወንድ ቢሆን መድኃኒቱ እንደሚጎዳው አጥብቀሽ ጽፈሽ ነበር። ይህን ስታነብ ፊቷ ጠቆረ። ካቆምኩ መልሶ ይረግፋል፣ ሰርጉ ለክረምት ማግሥት ይሁን አለች። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚያደክም አሁን ነው ያወቅሁት። በሦስተኛው ቀን የቀረውን ጠርሙስ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና፣ ከጃራ የበለጠ ለፀጉሬ ማሰብ ሰልችቶኛል ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሰርጉ ባለፈው ሳምንት ሆነ። ቅልቅሉ ደግሞ ትናንት ሲሬ ነበር። አውቶቡሱ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መጣ፤ ስለ ሹፌሩ የምለው ነበረኝ፣ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ወለቴ ቅቤውን በቅል ይዛ ብቅ ስትል የተናኜ እጅ ክንዴን ጨመቀኝ። ወለቴ እጇን ሳትዘረጋ ቀለሟ ሻሿን በገዛ እጇ ፈታችና ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ወለቴ ሳሳ ያለውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰች።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣» አለች፣ «ሦስት ዓመት ያስጠበቅሽን በዚህች ነው? የኔን ባየሽ።» ከዚያም ቅቤውን ከነእጇ አሳረፈችባት። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

ቀለሟ ከዚያ በኋላ ተነሣች። ረዲ ከነቀምት አብሮን መጥቶ ጥግ ተቀምጧል፤ እሱን እያየች ነው የተናገረችው። «የፖስታ ቤቱ መድኃኒት የኔ ነበር። አባባ መላጣውን አውሶኝ ነው» አለች። ረዲ መነጽሩን አወለቀ። እሷም ከቅሉ ቅቤ በመዳፏ ሙሉ ዘግና ወደኔ መጣች፤ ሰዉ ሁሉ እያየ ራሴን ቀባችኝ። ጆሮዬ ላይ፣ አንገቴ ላይ፣ ባለኝ አንድ ሙሉ ልብስ ላይ ወረደ። ጠጉር እንደሌለው ራስ ቅቤ የሚያፈስ የለም። አልተቆጣሁም። እህቴ ሆይ፣ ሳላስበው አለቀስኩ።

የቀረውን ጠርሙስ ወለቴ ወሰደችው፤ እሷ የመውለጃ ዘመኗ አልፏል። መመሪያውን ጽፌ ሰጥቻታለሁ፣ ግድግዳ ላይ ግን አልለጠፍኩም።

ለገቢሳ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ተናኜ ይቅር በይኝ ብላለች፤ ለጋ ቅቤም ልትልክልሽ ስትነሣ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ቀለሟና ጃራ እጅ ይነሡሻል፣ ወለቴ ሳታውቅሽ ትመርቅሻለች፣ ረዲም እንዴት ናት ብሏል። የኔን ሰላምታ ደግሞ ከቅቤው ሽታ ጋር ተቀበይ፤ ሁለቴ ታጥቤ አልለቀቀኝም።

ወንድምሽ ተረፋ ሞረዳ
ነቀምት፣ ግንቦት ፳፰ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.