ያስነቀልኩት የባሮ ዳር አበባ

ታዴ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ተናድጄብህ ነው። አሁንም አልበረደልኝም።

በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬ ለመንኩህ። ነርስ ሚስት እያለችህ «የአበባ ችግኞቼን ላጠጣና» እያልክ ሦስት ቀን አዘገየኸኝ። በአራተኛው ቀን ራስህን ስተህ በባጃጅ ወሰድንህ። ወባው ጭንቅላትህ ላይ ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ አበባህን ጠላሁት። ለአርባህ የድንኳን ቦታ ሲፈለግ ወንድምህ ገጀራ ይዞ «ይሄ አረም ይመንጠር?» አለኝ። «ከነሥሩ ንቀለው» አልኩት። ዘሩን ከወንዙ ዳር ለቅመህ፣ ልጣጩ ጠንካራ ነው ብለህ አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግህ፣ በተቆረጠ የውሃ ፕላስቲክ አብቅለህ በጓሯችን የወንዝ ዳርቻ የተከልከው ባለ ቢጫ አበባ ሐረግ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ንቦቹ ሁለት ቀን እየመጡ ባዶውን መሬት ዞሩት።

ነሐሴ ላይ ባሮ ሞላ። የጓሯችን አፈር ተናደ፤ መጀመሪያ ማንጎው ሄደ፣ ቀጥሎ ኩሽናው። ድስት እንኳ አላወጣሁም። የጎረቤታችን የአሪየት ዳርቻ ግን አንተ በሰጠሃት ሐረግ ተሸፍኖ ስለነበር ንቅንቅ አላለም። ሀገር በቀል ነው፣ ሥሩ ዳርቻ ይይዛል፣ አፈር ያዳብራል፣ በበጋ ንብ ይቀልባል እያልክ ስትነግረኝ ያላዛጋሁበት ቀን አልነበረም። አሪየት መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እኔ ለመምህር ታዴ ብዬ ሳልነቅለው ተውኩት። አንቺ ለምን ነቀልሽ?» አለችኝ።



ኅዳር ላይ ከእሷ ዘር ለመንኩ። መፈተጉ ሰለቸኝና ዝም ብዬ ቀበርኩት፤ አንድም አልወጣም። መጋቢት ላይ እንደገና ለምኜ፣ ጣቴ እስኪላጥ ፈተግኩ። አሥራ አንድ በቀሉ። ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሲጀምር በቀረችን ዳርቻ ላይ ተከልኳቸው። ይያዙ አይያዙ አላውቅም።

ጓሮውንና ኩሽናውን ለወንዙ ያስበላሁት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። አንተ ግን ለአበባ ስትል እኔን ብቻዬን ትተኸኝ ሄድክ፤ ይህንንም አትካድ።

እዚህ ሰው ሁሉ «ደግ መምህር ነበር» እያለ ያነሳሃል። ደግነቱን እነሱ ያስታውሱት። ግትሩን፣ ያልሰማሁትን፣ ያልሰማኝን ታዴን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እሱን እስክሞት አልረሳውም።

ሚስትህ አልማዝ
ጋምቤላ፣ ግንቦት