ውኃ የበዛበት የቀርከሃ መደብ

ሸዋ ሮቢት፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ችግኝ ጣቢያ ስደርስ ከሦስቱ መደብ የሁለቱ የቀርከሃ ችግኝ ተኝቶ ጠበቀኝ። ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ቀጥኗል፤ ገና ስነካቸው ይበጠሳሉ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት የቀበሌው ካድሬ መጥቶ፣ “በዚህ ሙቀት በቀን አንዴ ማጠጣት አሻጥር ነው፤ ሦስት ጊዜ ይጠጣ” አለ። ከዘር የበቀለ ቀርከሃ ገና ለጋ ሳለ ውኃ ከበዛበት እንደሚበሰብስ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አሻጥር የሚለውን ስሰማ ዋጥሁት። እንዳለኝም በየቀኑ ሦስት ጊዜ አጠጣሁ።

አረም የሚያርሙት እትዬ ዘሀራ አይተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

“ውኃው ነው” አሉኝ በሹክሹክታ። “ወላሂ ያኔም አውቄዋለሁ። አንተ የተማርከው ዝም ስትል እኔ አፌን እከፍታለሁ?”

የሞቱትን በሻሻቸው ቋጥረው ከአጥር ውጪ ጣሉልኝ። ቀርከሃ ዘር የሚሰጠው በስንት ዘመን አንዴ ነው። ይኼ ካለቀ ሌላ ከየት ይመጣል?

ከሰዓት በኋላ ካድሬው በመንገዱ ሲያልፍ ማጠጫውን አንስቼ በመደቦቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ላይ አፈሰስሁ። ከሩቅ ያጠጣሁ መስሎት፣ “በርታ፤ ነገ ገብቼ አያቸዋለሁ” አለኝ።

ባዶዎቹን ሁለት መደቦች በሙቀቱ ላሳብብ እችላለሁ፤ ነገ ጣቱን በቀረው መደብ አፈር ውስጥ ከከተተ ግን ደረቅ መሆኑን ያውቃል። ካጠጣሁ ደግሞ የቀረው አንድ መደብም ይሄዳል።

ማጠጫውን ሞልቼ፣ ጠብታ ሳላፈስ መደቡ ራስጌ አስቀምጬ መጣሁ።