ያለ ተራዬ ያነሣሁት ጽዋ

ጥቅምት 18፣ ከሰዓት 10፡20

የስፌት መኪናዬ ዛሬም ክር ይበጥሳል። ዘይት ሰጠሁት፣ መርፌ ቀየርኩለት፣ ሰደብኩት። ምንም።

አንድ የሙሽራ ቀሚስ መለስኩ። አዎ፣ እኔ። ለጥር ሠርግ ሦስት ብቻ እሰፋለሁ ብያለሁ፣ ሦስቱን ይዣለሁ። ሴትየዋ በጎንደር አራዳ ሌላ ሰፊ የሌለ ይመስል አኮረፈችኝ። ታኩርፍ።

ደብተሬ፣ ባለፈው እሑድ ያወጣሁትን ሕግ ታውቃለህ። ማንም ምንም ቢጠይቀኝ ሳላድርበት እሺ አልልም። እስከ ዐርባ ዓመቴ ለሰው ሁሉ እሺ ስል የራሴ ነገር ተረሳ። ከእንግዲህ ሥራም ስቀበል፣ ብርም ሳወጣ፣ መንገድም ስሄድ አስቤ ነው።

የመጀመሪያው ነገር አዲ አርቃይ። ኅዳር 10 ሱቄን ዘግቼ ለአንድ ወር እናቴ ዘንድ። ካየኋት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ዓይኗ እየደከመ ነው። ሐኪሙ ሞራ ቢሆን ይገፈፍ ነበር፣ ነርቩ ነው ብሎ መልሷታል። ጎንደር ነይ ስላት ቤቴን ጥዬ የትም አልሄድም ትላለች። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። ተወስኗል።

ጥቅምት 21፣ ከሰዓት 11፡40

ያደረግሁትን ልንገርህ፣ አትሳቅብኝ።

ዛሬ የቅ/ማርያም ማኅበራችን ነበር። ተበላ፣ ተጠጣ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን እትዬ ጥሩወርቅ ጽዋውን ይዘው ለኅዳር ተረኛዋን ጠሩ። ተረኛዋ ወ/ሮ ስንዱ ናቸው። አልተነሡም። ልጃቸው ታሞ ከርሟል። አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ። ቤቱ ዝም አለ። ዝምታ ደግሞ አልችልም። መደገስ አቅቷቸው አፍረዋል ብዬ አዘንኩ፤ ሳላስበው ቆሜ ጽዋውን ተቀበልኩ። እልልታ። ምርቃት።

ሕጌ ሳምንት አልሞላውም።

እንግዲህ የኅዳር 21 ደጋሽ እኔ ነኝ። ጠላው ገና ከሁለት ሳምንት በፊት ይጠነሰሳል። አዲ አርቃይ ደርሼ ልመለስ ብል መንገዱን ማን ያምነዋል፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። የተቀበለችውን ጽዋ የመለሰች ሴት ደግሞ አላውቅም። ማርያምን ምን ልላት ነው?

ጥቅምት 27

ጌሾና ብቅል ገዛሁ። ጽዋው ነጠላ ለብሶ መደርደሪያው ላይ ነው። ቀና ብዬ አላየውም። ለእናቴ እንደማልመጣ አልነገርኳትም። ፈሪ።

ኅዳር 2፣ ጠዋት 2፡30

እናቴ ደወለች። ስልኩን የምትደውልላት ጎረቤቷ ናት፤ ቁጥሮቹ አይታዩዋትም። መምጣቴ ወደ ታኅሣሥ ገፋ አልኳት። ምነው ብላ ብትቆጣ በተሻለኝ። ሱቅሽ ሸጋ ነው ወይ አለች፣ ጤናዬን ጠየቀች። ከዚያ፦

«ማንጠግቦሽ፣ የበሩን ብርሃን አሁንም አየዋለሁ። የሰው ፊት ነው የሚጠፋኝ። ዛሬ ቀርበሽ ብትቀመጪ የምለይሽ ይመስለኛል። የታኅሣሥን አላውቅም።»

አንድ እጅጌ ሰፋሁ፣ ተረተርኩት። እንደገና ሰፋሁ፣ ተረተርኩት። አለቀስኩ። በራሴ ተናደድኩ። ቀጥሎ በወ/ሮ ስንዱ ተናደድኩ። ምን አደረጉኝ? ምንም።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት 9፡00

ሦስት ቀን አደርኩበት። ዛሬ ጽዋውን አቅፌ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት ሄድኩ። ፊታቸው አስቀምጬ አልችልም አልኩ። የእናቴን ዓይን ነገርኳቸው፣ ሌላ ሰበብ አልጨመርኩም። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ነጠላቸውን አነሡ፤ ተነሽ፣ ስንዱ ቤት እንሂድ አሉ።

ወ/ሮ ስንዱ ጽዋውን ሲያዩ እንባቸው መጣ።

«ያኔ እኮ ማርያምን እያመሰገንኩ ነበር፣ ልጄን ስላዳነችልኝ። ጸሎቴን ጨርሼ ልነሣ ስል አንቺ ቀደምሽኝ።»

ዓመቱን ሙሉ የጠበቁትን ተራ ነው ለካ የነጠቅኳቸው! ዐሥራ አራት ቀን ከፍቷቸው ከርመዋል፣ መልሺልኝ ለማለት አፍረው። እኔም ውሰዱልኝ ለማለት አፍሬ። እትዬ ጥሩወርቅ በሁለታችንም ሳቁብን። የወ/ሮ ስንዱን ጉልበት ልስም ስል ይዘው አነሡኝ። ጽዋውን ተቀበሉኝ፣ ጌሾውንና ብቅሉንም ላክሁላቸው።

ኅዳር 6፣ ከሰዓት 11፡00

ኅዳር 10ን አልጠብቅም። ሹፌሩ መንገዱ ክፍት ነው ብሏል፣ ነገ ንጋት ላይ እንወጣለን። የሦስቱን ሙሽሮች ጥልፍ ይዤ ነው የምሄደው፤ የእጅ ሥራ ነው፣ አዲ አርቃይም ይሠራል። ደማቅ ቢጫ ሻርፕ ገዛሁ። አይስማማኝም። ከሩቅ ግን ይታያል።

ለሱቁ በር ማስታወቂያ ስጽፍ ቆየሁ። «በአስቸኳይ ጉዳይ ምክንያት» ብዬ ጀመርኩ፣ ቀደድኩት። «በሕመም ምክንያት»፤ ይሄ ደግሞ ውሸት፣ ቀደድኩት። የለጠፍኩት ይኸው፦

ዝግ ነው። እናቴ እንድታየኝ ሄጃለሁ።