ውሃ ይይዛል

ለእህቴ ልጅ፣

ቃሌን ለውጠህ ፈርመህበታል። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ብዙ ሰው ብዙ ነገር አድርጎኛል፤ የጻፍኩትን ቃል አውጥቶ ሌላ ቃል በቦታው ያስቀመጠ ግን አንተ ብቻ ነህ። ይህን ያስቀደምኩት ሰላምታው እንዳያለዝበው ብዬ ነው።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿ ልጅህ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ከወትሮው አልባሰም፣ ዓይኔም ለዚህ ወረቀት ይበቃል። ስለ እናትህ ወደ ታች እጽፋለሁ። ዘለህ ወደዚያ እንዳትሄድ፤ በተራው አንብብ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ተምረህ ስትመጣ ጥሩ ሐሳብ ይዘህ መጣህ። የቆሻሻ መድፊያው ወለል ከሩቅ ተጭኖ በሚመጣ ሸክላ አፈር ከሚነጠፍ፣ ፋብሪካዎቹ በሚጥሉት ነገር ቢነጠፍስ አልክ፤ ከኃይል ማመንጫው የከሰል አመድ፣ ከማቅለጫው የብረት አር። በወረቀትህ ላይ «ተረፈ ምርት» ብለህ አሳመርከው። እኛ የሙከራ ክፍል ሰዎች አር ስንለው ነው የኖርነው፤ ስሙ ሲያምር ጠባዩ አይለወጥም። ሐሳቡን ግን ወደድኩት። አልዋሽም፣ የእህቴ ልጅ በማሰቡም ኮራሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ መሆኑን ለባልደረቦችህ እየነገርክ ስትስቅ ሰምቻለሁ። እውነት ነው። ስለዚህም አንድ ቃል ስጽፍ ከረጢቱን የተሸከምኩ ያህል ይከብደኛል፤ የትም አልጥለውም።

አሥራ አንድ ቱቦ በግድግዳው ጥግ በተርታ አቆምኩ። በየቱቦው የተለያየ ድብልቅ ጠቀጠቅሁ፣ ከላይ ውሃ ሞላሁ፣ ከሥር ጣሳ አስቀመጥኩ። ጣሳው ውስጥ ቶሎ ውሃ ከገባ ድብልቁ ለመድፊያ ወለል አይረባም። አብዛኞቹ በሳምንት ውስጥ አለቀሱ። ሰባተኛው፣ ሁለት እጅ አመድና አንድ እጅ አር ያለበት፣ አርባ ቀን ሙሉ ጠብታ አልሰጠም። ከላይ ያለው ውሃ ግን በየቀኑ ዝቅ ይል ነበር። ታዲያ የት ገባ? ድብልቁ እየጠጣው ነው። በአርባኛው ቀን በደብተሬ ላይ «ሰባተኛው ውሃ ይይዛል» ብዬ ጻፍኩ።

ስፖንጅ ውሃ ይይዛል። ደመና ውሃ ይይዛል። ሰው ቂም ይይዛል። የያዘ ነገር ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ይለቃል። አንተ ደብተሬን ወደ ሪፖርትህ ስትገለብጥ «ውሃ ያግዳል» አደረግከው። ግድብም እኮ ውሃ ይይዛል ትለኝ ይሆናል። እኔ ግን ግድብ አልሠራሁም፤ አመድ ነው የጠቀጠቅሁት።

ደውለህ መጠየቅህን አልክድም። በማግስቱ ጠዋት ደወልክና፣ «አጎቴ፣ ይይዛል ስትል ያግዳል ማለትህ ነው?» አልከኝ። ከጀርባህ ሰዎች ይስቁ ነበር። የእናትህን ቋንቋ እኔን ትጠይቀኛለህ ወይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። የጻፍኩት ግልጽ ነበር።

በአርባ ሦስተኛው ቀን የሙከራ ክፍሉን በር ስከፍት የሰባተኛው ጣሳ ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሷል። ጠብ ጠብ አይደለም፤ እንደ ክር ሳይቋረጥ ነበር የሚወርደው። የዛገ ሚስማር ያደረበት ውሃ ይመስላል። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ምላሴ እስከ ምሳ ሰዓት ደንዝዞ ዋለ። ያየሁትን በአንድ ገጽ ጽፌ፣ ቀኑን አስፍሬ፣ ፈርሜ አስቀመጥኩት። ከተኳረፉ ቀድሞ መደወል ያለበት ታናሽ ነው። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁ፤ ስልኩ አልጮኸም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገጹን በሹፌሩ እጅ ላክሁልህ። ለካ አንተ በዘጠነኛው ቀን ሪፖርቱ ላይ ፈርመሃል። ይህን የምጽፈው ቀኖቹ እንዳይምታቱ ብዬ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ገጹ ግን ደርሶሃል። ሹፌሩ ቆመህ እንዳነበብከው፣ ከዚያም አጥፈህ መሳቢያ ውስጥ እንደከተትከው ነግሮኛል። የሰደድክልኝ መልስ፣ ውሃው በድብልቁ መሐል ሳይሆን በቱቦው ግድግዳ በኩል ሾልኮ ይሆናል፣ ደግሞም አንድ ቱቦ ማስረጃ አይሆንም የሚል ነበር። ልክ ነህ፣ አንድ ቱቦ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን በጓሮዬ ሦስት ቱቦ አቆምኩ። ውሃ በጎን እንዳይሾልክ ግድግዳቸውን በግራሶ ለቀለቅሁት። አንዱ በአርባ ሁለተኛው ቀን ለቀቀ፣ ሁለቱ በአርባ ሦስተኛው። ያው ቀለም፣ ያው ጣዕም።

መድፊያው ላይ ያነጠፋችሁት ከቱቦው ይወፍራል፤ ቀኑ ይረዝማል እንጂ ነገሩ አይቀርም። እኔ ሁለት ዓመት ብዬ ገምቼ ነበር። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ፈጀ።

አሁን ስለ እናትህ።

ቤቷ ከመድፊያው ቁልቁል መሆኑን ላንተ አልነግርህም፤ ያደግከው እዚያ ነው። በጓሮዋ ካለው የውሃ ጉድጓድ ነው የምትጠጣው። ከሦስት ወር በፊት ሳሙና አልያዝ አለኝ ብላ ሳሙና ሻጩን ሰደበችው። ቀጥሎ ነጭ ልብስ ስታጥብ ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ እሱን በባልዲው አሳበበች። አሁን ደግሞ ሰው የሚሰፋ ልብስ ሰጥቷት በቀጠሮው ማድረስ አቅቷታል። ዓይኗ አይደለም፤ ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ ታስገባለች። ጣቶቿ ናቸው መርፌውን የማይሰሙት። መርፌው ከእጇ ወድቆ እሷ በባዶ ጣት ስትሰፋ አይቻታለሁ፤ አራት አምስት ጊዜ ጨርቁን ወጋ ነቀል አደረገች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ አየች። እርጅና ነው አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። እኔ በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ።

ያን ዕለት ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ቱቦ እስከ መጨረሻው፣ ምንም ሳላስቀር። እስክጨርስ ሰማችኝ፤ ከዚያ በጣቷ ወደ ግድግዳው አመለከተች። የፈረምክበትን ገጽ ጠይቃህ ሰጥተሃት የለ? በመስታወት አስገብታ ከሠርግህ ፎቶ ጎን ሰቅላዋለች። «ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ያግዳል ብሎ ፈርሟል። የተማረው እሱ ነው ወይስ አንተ?» አለችኝ።

ቀጥላም በልጅነቴ የወንዝ ውሃ እንኳ ሦስት ጊዜ ሳላሸት እንደማልጠጣ አስታወሰችኝና ለጎረቤቷ እያስመሰለች አሳየች። በማግስቱ ከላይ ሰፈር ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ተሸክሜ አመጣሁላት። መረቀችኝ፣ አመሰገነችኝ፣ አበባዋን አጠጣችበት። በዚያ ግቢ ውስጥ አሁን ጤነኛ አበባው ብቻ ነው። የውሃ ጉድጓዱን ክዳን በቁልፍ ብዘጋው አንጥረኛ ጠርታ አሰበረችው። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች አትጠይቀኝ።

ከሰው ሁሉ የምታምነው አንተን ነው። ስለዚህ ና። በስልክ እንዳትነግራት፤ እሺ ልጄ ትልህና ስልኩን ዘግታ ባልዲዋን ታነሳለች። መጥተህ ከመስታወቱ ፊት ቁም፣ ከግድግዳው አውርደው፣ «ቃሉ የእኔ ስሕተት ነው» በላት። ያን ካልክ መሥሪያ ቤትህም እንደሚሰማ፣ ሥራህም እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ። አውቄ ነው የምጠይቅህ።

ጎረቤቶቿን እኔ አስጠንቅቄአለሁ። ሁለቱ ቤት ከላይ መቅዳት ጀምረዋል፤ ሌሎቹ የአንተን እናት እያዩ ነው። እሷ ከጠጣች እነሱም ይጠጣሉ።

እኔ ካለፈው ወር ጀምሮ ቤቴን ዘግቼ ከኋላ ባለው ክፍሏ ገብቻለሁ። ከቀዳችው እጠጣለሁ፤ ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ምሳ ላይ አንድ፣ ማታ አንድ። ወንድሟ ሲጠጣ ብታይ ትደነግጣለች፣ ያኔ ትተወዋለች ብዬ ነበር። ደስ አላት። «አየህ፣ ምንም አይልም» እያለች ትቀዳልኛለች። የጀመርኩትን ግን አልተውም፤ እሷ እስክትተው፣ አለዚያም አንተ እስክትመጣ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ብዕሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቋል። ጽሕፈቴ ቢያዘነብል አትፍረድበት።

ፈጣሪ ልጅህን ያሳድግልህ። ቤትህን ይባርክልህ፤ ልጅህ የምትጠጣው ንጹሕ ይሁን። ባለቤትህን ሰላም በልልኝ።

ከዛሬ ወዲያ ስለዚህ ነገር ከእኔ ቃል አይወጣም። ብትቀር ሁለተኛ አልጽፍልህም። ብትመጣ በሩን እከፍትልሃለሁ፣ ወንበር እሰጥሃለሁ፣ ስለ መንገዱ እጠይቅሃለሁ። ስለ ቃሉ አላነሳብህም። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ብትጀምርም፣ እኔን ጥፋተኛ ልታደርገኝ ብትጀምርም፣ ተነስቼ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

የእናትህ ወንድም