ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ

ግንቦት 6

ዛሬ ሁለት ሐሞት ከረጢት፣ አንድ ትርፍ አንጀት፣ አንድ ሆዱን በጩቤ የተወጋ። ሁሉም በሰላም ነቅተዋል። ከዚያ በቀጥታ ሜዳ… ሩጫ። እግሬ ዝሏል፣ ጭንቅላቴ ግን ቀለል ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ መብራት ሥር አጎንብሶ ለዋለ ሰው ሰማይ ማየት ራሱ መድኃኒት ነው።

እማዬ ደወለች።

«ዛሬም ቁምጣሽን ለብሰሽ ወጣሽ?»

«ለብሼ።»

«አንቺ እኮ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነሽ! በዚህ ዕድሜሽ ከጎረምሳ ጋር ስትራወጪ ሰው ምን ይላል?»

«ኦፍሳይድ ነው ይላል።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የእግር ኳስ ዳኛ ከሆንኩ ስንት ዓመቴ… እስካሁን ለጎረቤት የምትለው «ስፖርት ትወዳለች» ነው።

ግንቦት 11

የዳኞች ድልድል ወጣ። የመጨረሻው ጨዋታ የእኔ ነው! የፋብሪካው ቡድን እኩል ቢወጣ እንኳ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል። ከተማው ያበደለት ቡድን። የክፍላችን ኃላፊ ፕሮፌሰሩ የክለቡ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። የክለቡ ሐኪም ደግሞ አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬም አብሮኝ የሚሠራ። ለዳኞች ኮሚቴ ይህንኑ ነገርኳቸው። «በዚህ ከተማ ከእነሱ ጋር የማይነካካ ዳኛ ካለ አምጪልን» ብለው ሳቁ።

ፕሮፌሰሩ ቢሮው ጠራኝ።

«ታምሜያለሁ በይ።»

«ደህና ነኝ እኮ።»

«ሐኪም አይደለሽ እንዴ? አንድ በሽታ አታጪም።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሱ መሳቁን ተወው። «አንዲት ሴት ጨዋታውን አበላሸችው እንዳይባል… ለአንቺው ብዬ ነው።»

ለእኔው! ሰው «ለአንቺው ብዬ ነው» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

«አጫውታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ግንቦት 18

ጨዋታው አለቀ። ንዴቴ ገና አልበረደም። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስታዲየሙ ጢም ብሏል። አንድ ለአንድ። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ኳስ ከማዕዘን ተሻማ። የፋብሪካው አጥቂ፣ «ጥይቱ» የሚሉት፣ ከተከላካዩ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሲወድቅ አንድ እጁ ተገትሮ ወደ ላይ ቀረ። አየሁት። አንጎል ሲናወጥ የሚታይ ምልክት ነው፤ ያየው ሐኪም አይረሳውም። ፊሽካ!

የክለቡ ሐኪም ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ። ውሃ አፈሰሰበት። ጥይቱ ተነሣ። ሕዝቡ በእልልታ።

«ስንት ለስንት ናችሁ?» አልኩት።

«እየመራን።»

«ማን አገባ?»

ዐይኑ እኔ ላይ ነው፣ እኔን ግን አያይም።

ከመስመር ውጭ አስወጣሁት። ሐኪሙ ተከትሎኝ መጣ። «ደህና ነው፣ አስገቢው።» አፉ ለእኔ ያወራል፣ ዐይኑ ክቡር ትሪቡን ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ እዚያ ቆሟል።

«የምትለውን ታምንበታለህ?»

«አስገቢው አልኩሽ!»

የተጎዳ ተጫዋች ዳኛ ካልፈቀደ አይመለስም። ዳኛዋ እኔ ነኝ። «አይገባም።»

ቅያሪ ጨርሰው ነበር። በዐሥር ሰው ቀሩ። መገባደጃው ላይ ግብ ገባባቸው። ንጹሕ ግብ። ማደጉ ቀረ። ጥይቱን ሊያዩ የትልቅ ክለብ ሰዎች መጥተው ነበር አሉ… በምን አውቄ? ባውቅስ?

ከዚያማ ጠርሙስ፣ ድንጋይ፣ ስድብ። «አንቺ አራጅ! ሂጂ ቢላሽን ያዢ!» ፖሊሶች ከበው አወጡኝ። አጥሩን ይዘው ከሚዘልሉት አንዱ በቅርቡ የኸርኒያ ቀዶ ሕክምና የሠራሁለት ሰውዬ ነው። እንዲያ ከዘለለ ስፌቱ ጥሩ ይዟል ማለት ነው።

ቤት ስደርስ ባሌ የግቢውን በር እያጠበ ነው። እንቁላል ወርውረውበታል። የሒሳብ መምህር ነው፣ ወሬ አያበዛም።

«ልክ ነበርሽ?»

«ልክ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ግቢና ብዪ።»

ግንቦት 20

ስሜ ከኦፕሬሽን ፕሮግራም ወጥቷል። ተመላላሽ ክፍል። ክር መንቀል፣ ቁስል ማየት። «ሰዉ እስኪበርድለት ነው» ይላል ፕሮፌሰሩ። ሰዉ ነው ወይስ እሱ?

ግንቦት 23

የጥይቱ የጭንቅላት ምርመራ ፊልም ወጣ። ንጹሕ። ደም የለ፣ ስንጥቅ የለ፣ ምንም የለ።

ከእኔ በፊት ሆስፒታሉ በሙሉ ሰምቶታል። ኮሪደር ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ንጹሕ ነው አሉ እኮ ዶክተር!» አንገቴን የምደፋበትን ሰዓት እየጠበቁ።

ደስ አለኝ። ከልቤ። ልጁ ደህና ይሁን እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ግን ፊልሙ ደም አለመፍሰሱን ነው የሚያሳየው። ጭንቅላቱ አለመናወጡን አያሳይም። ደግሞ እኔ የወሰንኩት ሜዳው ላይ ባየሁት ነው። ገና የሚነሣ ፊልም ኪሴ ውስጥ ይዤ አልሮጥ።

እውነት ምንም ሳይሆን ቀርቶ ቢሆንስ? ጥያቄው ይመጣል። ይምጣ። አሁንም አላስገባውም።

ሰኔ 2

ጥይቱ ተመላላሽ ክፍል መጣ። ተራ ይዞ፣ እንደማንኛውም ሰው። ገባና በሩን በርግጫ ዘጋው።

«ዕድሌን ዘጉብኝ! ትልቁ ክለብ ሊወስደኝ ነበር። ጭንቅላቱ ችግር አለበት ተባለና ጥለውኝ ሄዱ። ምርመራው ንጹሕ ነው! አሁን ምን ይሉኛል?»

ይቅርታ ነው የሚጠብቀው።

«ዕድልህ ማምለጡ ያንገበግበኛል» አልኩት። «ይቅርታ ግን አልልህም። ያን ቀን ያየሁትን ሰው ዛሬም አስወጣዋለሁ።»

«አንቺ…» አለ። አንቱታው ቀረ። ጡጫውን ጨብጦ ቆመ። እኔም ከወንበሬ ተነሥቼ ቆምኩ። ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ… ቁመቴ እስከ ደረቱ ነው።

ድንገት ቁጭ አለ።

«ጨዋታው ትዝ አይለኝም» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመልበሻ ክፍል ስንወጣ ትዝ ይለኛል። ከዚያ ቤቴ አልጋ ላይ።»

«ራስህን ያምሃል?»

«ብርሃን ሳይ። ደረጃ ስወጣ ደግሞ ያዞረኛል።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም! ይሄ ከተሰማ ጭራሽ ማን ይፈልገኛል? እርስዎም እንዳይናገሩ።»

መረመርኩት። ዕረፍት አዘዝኩለት፤ ሕመሙ ጨርሶ ሳይለቀው ኳስ እንዳይነካ አስማልኩት። አላመሰገነኝም። በሩን ግን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እና አሁን… የሁሉንም አፍ የሚያስዘጋ ነገር በእጄ ነው። የታካሚ ምስጢር። እኔም አፌን እዘጋለሁ።

ሰኔ 9

ስብሰባ። ፕሮፌሰሩ፣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ የክለቡ ሐኪም፣ እኔ።

ፕሮፌሰሩ አባታዊ ድምፁን አወጣ። «ልጄ፣ ፊሽካውን ተዪው። ሬዲዮ ላይ ወጥተሽ ተሳስቼ ነበር በይ። ሰኞ ኦፕሬሽን ክፍልሽ ትመለሻለሽ። በቃ።»

ኦፕሬሽን ክፍሌ… ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። የልጁም ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«አልተሳሳትኩም።»

«ማስረጃሽ?»

«ዐይኔ። የእሱም ዐይን» ብዬ ወደ ክለቡ ሐኪም ዞርኩ። ጠረጴዛው ላይ የሌለ አቧራ በጣቱ ይጠርጋል።

«እንግዲያው ተመላላሽ ክፍል ትቀሪያለሽ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አልቀርም። ሥራውን ለቅቄያለሁ።»

እነሱም ደነገጡ፣ እኔም ደነገጥኩ። ከራሴ አፍ ገና መስማቴ ነው።

የክለቡ ሐኪም ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። «እጁ ሲገተር እኔም አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልጆች አሉኝ…»

«እሱም የሰው ልጅ ነው።»

ዞሬ እንኳ አላየሁትም።

ሰኔ 10

ሥራ ፈት። ቁም ሣጥኑን ሦስቴ አደራጀሁት። ባሌ «ኳስ ሂጂና አጫውቺ፣ እባክሽ» አለኝ።

ነሐሴ 3

ከከተማ ዳር ያለ ትንሽ ሆስፒታል። አንድ ኦፕሬሽን ክፍል ብቻ። አልጋው ከፍ ዝቅ የሚለው ሲገፉት ሳይሆን ሲለምኑት ነው።

ለባለቤቱ አስቀድሜ ነገርኩት። «ቅዳሜና እሑድ አጫውታለሁ። ይህን ተዪ ካሉኝ ከአሁኑ እንለያይ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ያን ቀን ስታዲየም ነበርኩ። እንዲያውም… ጠርሙስ ወርውሬብሻለሁ።»

«መታኝ?»

«ኧረ አልመታሽም።»

«እንግዲያው መቼ ልጀምር?»

ኮሚቴውም ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን አውርዶኛል። «ለደኅንነትሽ።» እሺ። ፊሽካው እዚያም ያው ነው።

ጥቅምት 12

ጥይቱ ትናንት ተሰልፎ ተጫውቷል፣ በሬዲዮ ሰማሁ። ለዚያው ለፋብሪካው። ትልቁ ክለብ አልተመለሰም። እሱም ከዚያ ቀን በኋላ አልደወለልኝም፣ ይደውላል ብዬም አልጠብቅም።

የዛሬው ሜዳ ትሪቡን የለውም። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ቆሞ አንገቴ ሥር ይተነፍሳል። ከዕረፍት በኋላ ቀና ስል… እማዬ! ጃንጥላ ዘርግታ ባሌ ጎን ቆማለች። ሳትነግረኝ።

አንድ ተከላካይ ጭንቅላቱን ተመታ። አስወጣሁት። አሠልጣኙ ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጠፈጠ። መስመር ላይ አንድ ወፍራም ድምፅ፦ «ይቺን ሴትዮ ወደ ቤቷ መልሱልን!»

ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«አንተ! የስንቱን ሆድ ከፍታ የዘጋች ልጅ የአንተን አፍ መዝጋት ያቅታታል?»

ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ተጫዋቾቹም ጭምር። እኔ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ጨዋታውን አስቀጠልኩ፤ ከንፈሬን ነክሼ ነው እንጂ።

ትንሽ ቆይቶ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠሁ። ጎል። አለቀ።

መኪና ውስጥ ገባን። እማዬ ጃንጥላዋን እያጠፈች ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ፍጹም ቅጣት ምቱ ግን ልክ አልነበረም።»

«እማዬ!»

«ኳሱን ነው የነካው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።»

«እግሩን ነው የመታው።»

«ኳሱን!»

ባሌ መሪውን ይዞ ይስቃል። እማዬን ቤቷ እስክናደርሳት ተጨቃጨቅን። ወርዳም በመስኮት አንገቷን አስገብታ «ኳሱን ነው!» አለችኝ።

ትበል። ፊሽካውን የነፋሁት እኔ ነኝ።